ሃይሉክሷን ከመግዛታችን በፊት፦ የሰነድና የብረት ማጣራት የሥራ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ጥር 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ታናሽ ወንድሜ በስናን ወረዳ፣ ከረቡዕ ገበያ ከተማ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ዘር ድንች ያመርታል። እስከ ዛሬ ምርቱን በኪራይ መኪና ሲያወርድ ቆይቷል፤ ዘንድሮ ግን ከእኔ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለች ፒክአፕ ለመግዛት ወስነናል። ቡሬ የሚሠራ አንድ ደላላ በፈረንጆች 1995 የተሠራች ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ እንዳለች ዛሬ ጠዋት ነገረን። ዋጋዋ ለዕድሜዋ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ ተሽከርካሪ ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ ከፍተኛ ታክስ ስለጣለ፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ዋጋቸውን እንደያዙ ቀርተዋል። አንዲት መኪና ብዙ እጅ ባየች ቁጥር ደግሞ ወረቀቷ እየተወሳሰበ ይሄዳል።

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ከዚህ ቀደም ስለተጎዳን ነው። በ2009 ወንድሜ ባጃጅ ሲገዛ ሻጩ ስም ሳያዞርለት ውክልና ብቻ ሰጥቶት ሄደ። ዓመት ሳይሞላ ሻጩ ዐረፈ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2232 መሠረት ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቋረጣልና፣ በወንድሜ እጅ የነበረው ወረቀት በአንድ ቀን ዋጋ አጣ፤ ወራሾቹም «ንብረቱ በአባታችን ስም ነው» ብለው ከሰሱት። ክርክሩ ሲጓተት ባጃጁ በፖሊስ ጣቢያ ግቢ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ሁለት ክረምት አለፈ። ወንድሜ ያን ጊዜ ያወጣው ገንዘብ የሦስት ዓመት የድንች ምርት ዋጋ ነበር።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምንሠራበት ደንብ አንድ ነው። በመኪናዋ ብረት ላይ የተመታው ቁጥር፣ በባለቤቱ እጅ ያለው ሊብሬ (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) እና በመዝገብ ቤት የተቀመጠው ማህደር፣ ሦስቱም አንድ ቃል እስኪናገሩ ድረስ ገንዘብ ከእጃችን አይወጣም። ደላላው በስልክ 50,000 ብር ቀብድ እንድንልክ ጠይቆን ነበር፤ አልላክንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ቢያፈገፍግ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈገፍግ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሰነድ ሳያጣራ ቀብድ የከፈለ ገዢ፣ በኋላ እክል ቢያገኝ እንኳ ገንዘቡን ለማስመለስ መከራከር ግድ ሊሆንበት ይችላል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 4 ቀን

የሊብሬውን ሁሉንም ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልን አደረግን። መጀመሪያ የላኩት የባለቤቱ ስም ያለበትን ገጽ ብቻ ነበር፤ የቀሩትን በትዕግሥት ደጋግመን ጠይቀን አገኘን። ከጠቅላላው ሰነድ የሚጠቅመው እነዚያ ከጀርባ ያሉት ገጾች ናቸው፤ የባለቤት ለውጥ፣ ዕዳና እገዳ፣ ዓመታዊ ምርመራ የሚመዘገቡት እዚያ ነውና።

ሰሌዳዋ አማ፣ ኮድ 3፣ በነጭ መደብ ላይ በአረንጓዴ የተጻፈ ነው። ለወንድሜ የኮዶቹን ትርጉም አስረዳሁት፤ ቀዩ ኮድ 1 የታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት፣ ብርቱካናማው ኮድ 5 ደግሞ የእርዳታና የሃይማኖት ድርጅቶች ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው መኪናዋ ከዚህ በፊት በሌላ ኮድ ስትሠራ ከነበረ ቀረጥ ተከፍሎባት እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ተሽከርካሪ መብቱ ለሌለው ሰው ሲሸጥ ቀረጡ መከፈል አለበት፤ ያልተከፈለ ከሆነ ዕዳው መኪናዋን ተከትሎ ወደ ገዢው ደጅ ይመጣል።

ከሊብሬው ወደ ደብተሬ የገለበጥሁት ይህ ነው፦ የሻንሲ (የመኪናዋ ፍሬም) ቁጥሩ በኤልኤን106 ይጀምርና ሰባት አኃዝ ይከተለዋል፤ የሞተሩ ዓይነት 3ኤል፣ የሲሊንደር ይዘቱ 2,779 ሲሲ፣ ነዳጁ ናፍጣ። የምርት ዘመኑ በፈረንጆች፣ የተመዘገበችበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ስለተጻፈ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሰባትና ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ባለቤቱ ዳንግላ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሲሆኑ፣ ሊሸጥልን የሚፈልገው ግን ቡሬ ያለው የወንድማቸው ልጅ ነው። ውክልና አለኝ ይላል።

እሑድ፣ ጥር 7 ቀን፣ ቡሬ

ከሥላሴ ቅዳሴ በኋላ በደንበጫና በፍኖተ ሰላም በኩል ቡሬ ደረስን። የምናውቀውን መካኒክ ይዘን ሄደናል። ስለ ሞተሩ ድምፅና ስለ ፍሬኑ እሱ የራሱን ማስታወሻ ስለያዘ እዚህ አልጽፈውም፤ በአጭሩ መኪናዋ ለዕድሜዋ ደኅና ናት።

የእኔ ሥራ ቁጥሮቹን ከብረቱ ላይ ማንበብ ነበር። በሃይሉክስ የሻንሲ ቁጥሩ የሚገኘው በቀኝ በኩል፣ በፊተኛው ጎማ አካባቢ፣ በፍሬሙ ውጫዊ ጎን ላይ ነው። መሪውን ወደ ግራ አዙረን ጎማው ሲገለጥ፣ ፍሬሙ በደረቀ ጭቃና በግሪስ ተሸፍኖ ነበር። ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ ይዤ ቀስ እያልሁ ጠረግሁት። ሽቦ ብሩሽ ለመጠቀም አልደፈርሁም፤ ብሩሹ በብረቱ ላይ አዲስ ጭረት ቢተው፣ በኋላ ቁጥሩን የሚመረምር ባለሙያ የተፋቀ ሊመስለው ይችላል። ብረቱ ሲደርቅ ስስ ነጭ ወረቀት አስደግፌ የእርሳስ ጎን አሸሁበት። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው በጥቁሩ መካከል ወጡ። ይህ የእርሳስ ቅጂ ከፎቶ ይበልጣል የምለው፣ ፎቶ ጥላ ሲያርፍበት 3ን 8 አስመስሎ ሲያሳይ፣ ወረቀቱ ግን የተመታውን ጥልቀት ጭምር ስለሚይዝ ነው።

የተመለከትሁት ቁጥሩን ብቻ አይደለም። አኃዞቹ በአንድ መስመር መቆማቸውን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል መሆኑን፣ ጥልቀታቸው መመጣጠኑን፣ በዙሪያው የብየዳ ጠባሳ፣ የሞረድ ምልክት ወይም ከሌላው ፍሬም የተለየ አዲስ ቀለም አለመኖሩን በእጄ ዳስሼ አረጋገጥሁ። ሁሉም ንጹሕ ነበር፤ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር በአንድ አኃዝ አይለያይም። አዲስ የሚባሉትን መኪኖች ለሚመረምር አንድ ነገር ልጨምር፤ ሙሉው የተሽከርካሪ መለያ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ሲሆን፣ የላቲኖቹ አይ፣ ኦ እና ኪው ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ በውስጡ አይገቡም። ከነዚህ አንዱን የያዘ 17 ፊደላት ያሉት ቁጥር ሊብሬ ላይ ካያችሁ፣ ቢያንስ ሲገለበጥ ተሳስቷል።

ኮፈኑን ከፍተን ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ሳህን አነበብን። ኤልኤን106፣ ሞተር 3ኤል፣ 2,779 ሲሲ። እስከዚህ ድረስ ሳህኑና ሊብሬው ይስማማሉ። ከዚያ መካኒኩ ከሞተሩ ብሎክ ጎን ያለውን ዘይት ጠርጎ ባትሪውን አበራ። የተመታው ቁጥር የሚጀምረው በ5ኤል ነው።

5ኤል የዚያው ቤተሰብ ታላቅ ወንድም ነው፤ 2,986 ሲሲ ሲሆን በ3ኤል ቦታ ያለ ብዙ ችግር ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ቀን ሞተሩ ተቀይሯል፤ ለውጡ ግን አልተመዘገበም። ወጣቱ ሻጭ ምንም ሳይደብቅ ነገረን። «ጋሼ፣ የድሮው ሞተር ተነክሶ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄደን ነው የገዛነው፤ ደረሰኙ አጎቴ ዘንድ መኖር አለበት» አለ። በቅንነቱ አመሰገንሁት። ነገር ግን ቅን መሆኑ ብቻ አይበቃም። ያልተመዘገበ ሞተር የያዘች መኪና ዓመታዊ ምርመራ ላይ ስትቆም ወይም መንገድ ላይ ስትፈተሽ፣ ሞተሩ ከየት እንደመጣ ማስረዳት የሚጠበቅበት በዚያን ቀን ባለቤት የሆነው ሰው ነው።

በፊት መስታወቱ ላይ ያለው ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ተለጣፊ) የ2014 ነው፤ የ2015ቱ ገና አልተሠራም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ጊዜው አላለፈም።

ማክሰኞ፣ ጥር 9 ቀን፣ ፍኖተ ሰላም

የመኪናዋ ማህደር ያለው በምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ስለሆነ ወጣቱን ይዘን ፍኖተ ሰላም ሄድን። መዝገብ ቤት ለማንኛውም ጠያቂ ማህደር አይከፍትም፤ ባለቤቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ በማመልከቻ መጠየቅ አለበት፤ ይህም ትክክል ነው። ማመልከቻውን «ተሽከርካሪው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ እንዲገለጽልኝ» በሚል ጻፍንለት፤ የሰሌዳውን፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥርም ለየብቻ አሰፈርን።

መዝገብ ቤት ያለችው ባለሙያ በመጀመሪያ ውክልናውን አነበበች፤ እኔም ከጎን ሆኜ አብሬ አነበብሁ። ወኪሉ መኪናዋን እንዲያሠራ፣ እንዲያስተዳድር፣ እንዲያስመረምር፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቀርቦ ጉዳይ እንዲያስፈጽም ይፈቅዳል። «እንዲሸጥ» የሚል ቃል ግን በሁለቱም ገጽ የለም። ስለዚህ ማህደር ለማስከፈት ይበቃል፣ ለመሸጥ አይበቃም። ወጣቱ ደነገጠ፤ እሱ ራሱ ወረቀቱን ሙሉ ለሙሉ አንብቦት እንደማያውቅ ፊቱ ይናገር ነበር።

ማህደሩ ወፍራም ቢጫ አቃፊ ነው። ባለሙያዋ ገጾቹን ከታች ወደ ላይ ስትገልጥ የመኪናዋ ሕይወት በቅደም ተከተል ወጣ። ከሥር የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ (ከውጭ ስትገባ የተሞላው ሰነድ) አለ፤ ቀረጥና ታክስ ተከፍሎበታል፤ የሻንሲ ቁጥሩም እኔ በእርሳስ ካነሣሁት ጋር አንድ ነው። ቀጥሎ ሁለት የሽያጭ ውሎች ከነስም ዝውውራቸው አሉ። ከዚያ በ2006 የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት የባንክ ደብዳቤ፦ ተሽከርካሪው ለብድር በመያዣነት ስለተሰጠ ባንኩ በጽሑፍ እስኪያሳውቅ ድረስ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች ሁሉ መያዣውን የሚያነሣ ደብዳቤ የለም።

በሊብሬው ላይ ግን የዕዳ ምልክት አልነበረም። ምክንያቱን ባለሙያዋ ገለጸችልን፤ ሊብሬው ጠፍቶ በ2010 ምትክ ተሰጥቷል፤ ምትኩ ሲጻፍ የዕዳው ማስታወሻ ሳይገለበጥ ቀርቷል። እኛ ሊብሬውን ብቻ አይተን ብንከፍል ኖሮ፣ ስም ለማዞር በመጣንበት ቀን ይህን ደብዳቤ ባዶ ኪሳችንን ይዘን እናነበው ነበር። የፍርድ ቤት እግድና የፖሊስ ማስታወቂያ በማህደሩ ውስጥ አልተገኘም።

ከጥምቀት በፊት ሌላ ሥራ እንደማይሠራ ስላወቅን ወደ ቤታችን ተመለስን።

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን፣ ዳንግላ

የመኪናዋን ባለቤት በቤታቸው አገኘናቸው። ሽማግሌው በሕይወት መኖራቸውን በዓይኔ ማየቴ ብቻ ከባጃጁ ታሪክ በኋላ ትልቅ ዕረፍት ሰጠኝ። ወንድሜ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው አነሡት፤ ሚስታቸው እማማም ቡና አስፈሉ። ያገኘነውን ሁሉ አንድ በአንድ ስንነግራቸው አልተቆጡም። «ብድሩን በ2008 ጨርሻለሁ፤ ወረቀቱን ወደ መንገድ ትራንስፖርት ማድረስ እንዳለብኝ ግን የነገረኝ አልነበረም» አሉ። ይህ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። ብድር የሚያልቀው ባንክ ውስጥ ነው፤ መያዣው ከመኪናዋ ላይ የሚነሣው ግን ደብዳቤው ማህደር ውስጥ ሲገባ ነው።

እማማ ከመኝታ ቤት የቆርቆሮ ሳጥን አስመጥተው ከፈቱ። ከልጆች የክርስትና ካርድና ከግብር ደረሰኞች ሥር የሞተሩ መግዣ ደረሰኝና የሞተሩ የራሱ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ ተጣጥፈው ተገኙ። በዲክላራሲዮኑ ላይ ያለውን የ5ኤል ቁጥር ከደብተሬ ጋር አስተያየሁ፤ አንድ ነው።

አንድ ነገር በጥንቃቄ አነሣሁ። መኪናዋ የተገዛችው በጋብቻ ዘመን ስለሆነ የጋራ ሀብት ናት፤ ለሽያጩ የሚስት ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ለባል ብቻ ተናግሮ መሄድ ስሕተት ስለሆነ በቀጥታ ለእማማ ነገርኋቸው። «እኔም ልፈርም ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ አዎ ስላቸው ደስ አላቸው። ሁለቱም ፍኖተ ሰላም በአካል መጥተው ለመፈረም ተስማሙ። አዲስ ውክልና ከማጻፍ ይህ እጅግ የተሻለ ነው፤ ውክልና የሰጠ ሰው በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ በአካል የተፈረመ ውል ግን እንዲያ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥር 18 ቀን

ባንኩ የብድሩን መዝገብ አውጥቶ ዕዳው መከፈሉን አረጋገጠ፤ የመያዣ ማንሻ ደብዳቤውንም ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አድራሻ ጽፎ ሰጠ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የሚያዝ መያዣ የሚመዘገብበት ሥርዓት በብሔራዊ ባንክ ሥር ስላለ፣ ባለሙያውን በዚያም በባለቤቱ ስምና በሻንሲው ቁጥር እንዲፈልግልን ጠየቅነው፤ ምንም አልተገኘም። ደብዳቤውን በዚያው ቀን ፍኖተ ሰላም አድርሰን፣ በገቢ መዝገብ ሲመዘገብ ቆመን አይተን፣ ቁጥሩን ጻፍን።

ረቡዕ፣ ጥር 24 ቀን

የሞተር ለውጡ ተመዘገበ። መኪናዋ በአካል ቀርባ ባለሙያው ብሎኩ ላይ ያለውን ቁጥር ራሱ አንብቦ ከሞተሩ ዲክላራሲዮን ጋር አመሳክሯል፤ ዓመታዊ ምርመራውም በዚያው አልፎ የ2015 ቦሎ ተለጠፈ። ወጪው ሁሉ የሻጭ እንዲሆን አስቀድመን ተስማምተን ነበር። ኮድ 3 ስለሆነች የገቢዎችን የግብር ክሊራንስም (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚገልጽ ማስረጃ) አመጡ። የትራፊክ ቅጣትም ተጠይቆ የቀረ አልነበረም።

ዛሬ ማታ ደላላው ደውሎ ሌላ ገዢ መጥቷል አለኝ። ይምጣ፤ እኛ ቀብድ ስላልከፈልን የምንፈራው ነገር የለም፣ ሽማግሌውም በቃላቸው ቆመዋል።

ሐሙስ፣ የካቲት 2 ቀን፣ ፍኖተ ሰላም

ውሉ በውልና ማስረጃ ተፈረመ። ባልና ሚስት ሁለቱም፣ ወንድሜና እኔ፣ ከምስክሮች ጋር ቀርበን ነበር። በውሉ ውስጥ ካስገባኋቸው ቃሎች አንዱ ይህ ነው፦ እስከ ውሉ ቀን ድረስ ያለ ማንኛውም የግብር፣ የቅጣት፣ የብድርና የፍርድ ቤት ዕዳ የሻጭ ነው። የሞተሩ ቁጥር በአዲሱ 5ኤል እንዲጻፍም ጠየቅሁ፤ ጸሓፊው ከድሮው ሊብሬ 3ኤል ገልብጦ ነበርና አስተካከለው። ክፍያው በባንክ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ተላለፈ፤ የመጨረሻው ክፍል ግን ስም እስኪዞር ድረስ እንዲቆይ በውሉ ተጽፏል። የቴምብር ቀረጡ የተሰላው መሥሪያ ቤቱ ባወጣው ግምት ነው፤ ለዚህ ገንዘብ አስቀድሞ ማስቀመጥ ይገባል።

ሰኞ፣ የካቲት 13 ቀን

የዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ ነው። አዲሱ ሊብሬ በወንድሜ ስም ተዘጋጅቶ በመስኮቱ በኩል ሲሰጠን፣ ከመስኮቱ ሳንርቅ ለማንበብ ከሰልፉ ሰዎች ይቅርታ ጠየቅን። ወንድሜ በእርሳስ የተነሣውን ወረቀት ይዞ አኃዞቹን ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ፣ እኔ ሊብሬውን በጣቴ እየተከተልሁ ሄድን። ሰሌዳው ልክ ነው። ሞተሩ 5ኤል፣ 2,986፣ ልክ ነው። ሻንሲው ላይ ስንደርስ ወንድሜ «ስምንት» ሲል ጣቴ ያረፈው በ3 ላይ ነበር።

ደግመን አነበብን። ወረቀቱ ላይ ያለው የተዘጋ ክብ ከተዘጋ ክብ በላይ ነው፤ ሊብሬው ላይ ያለው ግን በግራ በኩል የተከፈተ ነው። ባለሙያዋ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው፤ ከዚያ የመኪናዋን ዲክላራሲዮን ከማህደሩ አውጥታ «ስምንት ነው፤ ሲጻፍ ነው የተሳሳተው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። ሊብሬው ተሰርዞ ሌላ እስኪጻፍ ድረስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጠን ጠበቅን። ሁለተኛውን ደግሞ እንደ መጀመሪያው ከመስኮቱ ሥር ቆመን አነበብነው፤ በዚህ ጊዜ ወንድሜ ሲጠራ ጣቴ የትም ላይ አልቆመም።

የእርሳሱን ወረቀት ባለሙያዋ ከማህደሩ ጋር ላያይዘው ብላ ስትጠይቀኝ ሰጠኋት፤ ለራሳችን ነገ ጠዋት ረቡዕ ገበያ ላይ ሌላ አነሣለሁ። ለሽማግሌው የቀረውን ክፍያ ባንኩ ሳይዘጋ አስተላልፌ በስልክ ነገርኋቸው።